ጥቆማ፦ መልኩ የድሮ፣ ውስጡ የአሁን የሆነ ሞተር ሳይክል የነዳችሁ፣ ያስተማምናል?

ማለዳ
ሰላም ለሁላችሁም። ጥቆማ ፈልጌ ነው። ለብዙ ዓመት ከሞተር ርቄ ነበር፤ አሁን ልመለስ ነው። ልቤ ያለው እነዚያ መልካቸው የ1960ዎቹ፣ ውስጣቸው የዛሬ የሆኑት ላይ ነው። ክብ የፊት መብራት፣ ጎኑ ጎበጥ ያለ ታንክ፣ ራጂ ያለው ጎማ። ሳያቸው ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል። ግን በየቀኑ ሥራ የምሄድበት ነው። ጠዋት አልነሳም ብሎ እንዲያስረፍደኝ አልፈልግም። ሦስት ለይቻለሁ፦ ሮያል ኢንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650፣ ትራያምፍ ስፒድ ትዊን 900 እና ካዋሳኪ ደብሊው 800። የትኛው ነው የሚያስተማምነው? ቅዳሜና እሁድ ራቅ ብዬ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ሰው እጭናለሁ።

ሁለት ጎማ
ወንድሜ፣ ኢንተርሴፕተርን ውሰድ፤ ሌላ አትይ። እኔ ከያዝኩት አራተኛ ዓመቴ ነው። 648 ሲሲ ሆኖ ጉልበቱ 47 ፈረስ ብቻ ነው። ሰው ይሄን እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ ግን የምወደው በዚሁ ነው። ከሞተሩ የመጨረሻዋን ጠብታ ጉልበት ለመጭመቅ አልሞከሩም። ያልተጨነቀ ሞተር ዕድሜ አለው። ራዲያተርም የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። የሚያፈስ ውሃ የለ፣ የሚቀደድ የውሃ ቱቦ የለ።

ማለዳ
እህትህ ነኝ። በጣም አመሰግናለሁ፣ አራት ዓመት የነዳ ሰው ቃል ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ጎማ
ይቅርታ እህቴ! ያው ውሰጂው።

ካንዴላ
ውሃ ስላለው ይበላሻል ማለት ግን አይደለም። የትራያምፉ ቦኔቪል ስም መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በ2001 እንደገና ሲመጣ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። በ2016 ወደ ውሃ ቀየሩት። ራዲያተሩን አቅጥነው ከፊት በፍሬሙ ሁለት ቱቦዎች መሀል ሸጎጡት። ሲሊንደሩ ላይ ያሉትን የአየር ማቀዝቀዣ ክንፎች ግን አልነኳቸውም። ከዚያ በፊትም ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ሲያደርጉት፣ መርጫውን ካርቡሬተር አስመስለው ነው የሸፈኑት። አንዳንዱ ይሄን ማታለል ይለዋል። ለእኔ ጥበብ ነው። በብርድ ጠዋት ያለ ምንም ልመና ይነሳል፤ ዓይን ደግሞ የሚወደውን ያያል። ስፒድ ትዊን 900 የዚያው ቤተሰብ ነው። ሰርቪሱ በየ16,000 ኪሎ ሜትር ነው። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

የዝናብ ልጅ
ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላደፈርስ ነው። ብራንዱን አልጠራም። ከሦስቱ አንዱ ይሁን አይሁንም አልናገርም። እኔ የገዛሁት አዲስ ነው። በሦስተኛው ወር ዝናብ ውስጥ እየነዳሁ ድርግም አለብኝ። መብራት የለ፣ ሞተር የለ፣ ምንም የለ። ከኋላዬ መኪና እየመጣ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። አስጭኜ ወደ ሸጡልኝ ሰዎች ወሰድኩት። እስከዚያ ደርቆ ስለነበር በአንዴ ተነሳ። «ምንም የለውም» አሉኝ። በሁለት ሳምንቱ ደገመው። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አራቱንም ጊዜ «ምንም የለውም»። በመጨረሻ አንድ የግል መካኒክ ታንኩን አንስቶ አየው። ከሥሩ ያለ አንድ የሽቦ ሶኬት ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ውሃ እየገባ በልቶታል። ተጠረገ፣ ግሪስ ተቀባ፣ በቃ ዳነ። እኔ ግን ስድስት ወር ሙሉ ደመና ባየሁ ቁጥር ስጨነቅ ነበር። ክሮሙ ላይ ያለውን ዝገት ደግሞ ሌላ ቀን አወራዋለሁ።

ፍሬን ያዥ
የኔም የፍጥነት መለኪያው ውስጥ ጭጋግ ይገባ ነበር። በዋስትና አልጠየቅካቸውም?

የዝናብ ልጅ
ጠየቅኩ። ብልሽቱ ዓይናችን እያየ ካልተከሰተ አንመዘግብም አሉኝ።

ፍሬን ያዥ
እንደዚያ ሲሉህ በጽሑፍ ስጡኝ ማለት ነበረብህ። በሄድክ ቁጥር የገባበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተናገርከውን ችግር የያዘ ወረቀት ተቀበል። ሲደጋገም ማስረጃህ እሱ ነው። ስልክህ ውስጥ ቪዲዮም ይኑርህ። አፍ ለአፍ የተባለ ነገር ዋጋ የለውም።

ሁለት ጎማ
የኔ በአራት ዓመት አንድም ቀን አስቁሞኝ አያውቅም።

የዝናብ ልጅ
ያንተ አላስቆመህም ማለት የኔ አላስቆመኝም ማለት ነው እንዴ? የእኔን ጉዳይ ነው የነገርኳችሁ።

ጋሼ ሻፍት
ልጆች፣ ለምን ትጣላላችሁ። ሞቶ ጉዚ ቪ7 ግዙና እረፉ። ሰንሰለት የለውም፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በሻፍት፣ በሚዞር ዘንግ ነው። ሰንሰለት ማጥበቅ፣ ሰንሰለት መቀባት የሚባል ነገር የለም። ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ስለወጡ ቫልቭ ለማስተካከል ታንክ አይነሳም። ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ ነው የማስተካክለው። እኔ ከዚህ በኋላ ሌላ አልነዳም።

ማለዳ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እኔ የለየኋቸው ሦስቱን ነበር። እርስዎ ከሦስቱ ነድተው ያውቃሉ?

ጋሼ ሻፍት
አልነዳሁም ልጄ። መንዳትም አያስፈልገኝም። ጉዚ ነው።

ቀጥታ
ፎቶ ለመነሳት ከሆነ ግዢ። ለሥራ ከሆነ ተራ ሞተር ይበቃሻል። ለክብ መብራት ተጨማሪ የሚከፍል ሰው መብራቱን ብቻ ገዝቶ ሳሎኑ ቢሰቅለው አይሻልም?

ካንዴላ
ወንድም፣ ቃልህ ከረረ። የጠየቀችው በቁም ነገር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ያማሃ ኤክስኤስአር 700ን ታውቀዋለህ? ሞተሩ የያማሃው የዘመናዊ መልክ ሞተር ሳይክል፣ የኤምቲ 07 ነው፤ ያው 689 ሲሲ። የተቀየረው በአብዛኛው ልብሱ ነው። ታዲያ ያ ሞተር ክብ መብራት ስለገጠሙለት ይበላሻል? ኤምቲውን አምነህ ኤክስኤስአሩን የማታምነው በምን ምክንያት ነው? ደግሞ መልክ ጥቅም የለውም ያለው ማን ነው? ሰው የሚወደውን ሞተር ያጥባል፣ ዘይቱን በጊዜ ይቀይራል፣ ትንሽ ድምፅ ከሰማ ጎንበስ ብሎ ያያል። የማይወደውን ግን እስኪቆምበት ድረስ ይነዳዋል። ብልሽት ከእንዲህ ዓይነት ቸልተኝነት ሲመጣ ብዙ አይቻለሁ።

ቀጥታ
እሺ፣ ስለ ኤክስኤስአሩ ልክ ነህ።

ቀስ በል
እውነተኛ የድሮ ስሜት ከፈለግሽ ያማሃ ኤስአር 400 ፈልጊ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሲሠራ ኖሮ ጃፓን ውስጥ በ2021 አበቃ። ሞተሪኖ የለውም፤ በእግር ብቻ ነው የሚነሳው። በኋላ የነዳጅ መርጫው ኤሌክትሮኒክ ሲሆን እንኳ ሞተሪኖ አልገጠሙለትም። የሲሊንደሩ ክዳን ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለችው። ፒስተኑ ለርግጫ የተመቸ ቦታ ላይ ሲደርስ በእሷ ይታያል። ከለመድሽው አንድ ርግጫ ይበቃዋል።

ፍሬን ያዥ
ጠዋት እንዳላረፍድ ላለች ሰው በርግጫ የሚነሳ ሞተር?

ቀስ በል
ባትሪ ደከመ ብላ አትሰጋማ።

እጀ ዘይት
ማለዳ፣ የትኛውንም ብትመርጪ ከመክፈልሽ በፊት እነዚህን እይ። በተለይ ያገለገለ ከሆነ። የዝናብ ልጅ የደረሰበት ነገር ሞተሩ ውስጥ አይደለም፤ ሽቦ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጣጣ በኔ እጅ ካለፉት ብዙዎቹ ላይ አይቻለሁ። አሮጌ መልክ እንዲኖረው ሽፋኑን ይቀንሱታል። የድሮዎቹ ሞተሮች ሽቦ ጥቂት ነበር፤ አሁን ግን ኤቢኤስ (ሲፈረን ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) አለ፣ ሴንሰር አለ፣ ኮምፒውተር አለ። ያ ሁሉ ሽቦ ታንኩ ሥርና መብራቱ ቅል ውስጥ ነው የሚታጨቀው። ስለዚህ ታንኩ ተነስቶ ሶኬቶቹ ይታዩ። አረንጓዴ ነገር ካለ ውሃ ገብቷል። ከገዛሽ በኋላም ለሶኬት የተሠራውን ግሪስ አስቀቢ።

ባትሪውን ለኪ። አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ ይሁን። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ካልሆነ ቻርጁ ችግር አለበት። ራጂዎቹን በትንሽ መፍቻ አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጊ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ድፍን ይላል። ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ፣ የጭቃ መከላከያውን የውስጥ ጎን በባትሪ መብራት እይ። ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ክሮም እየታጠበ በደንብ ካልደረቀ ማንም ብራንድ አይችለውም።

የዝናብ ልጅ
እንዳንተ ዓይነት ሰው በመጀመሪያው ቀን ባገኝ ኖሮ። እውነቴን ነው፣ አመሰግናለሁ።

ማለዳ
እጀ ዘይት፣ ይሄን ገልብጬ ይዤዋለሁ። ግን ስለ ደብሊው 800 እስካሁን ማንም ምንም አላለም!

ካንዴላ
እኔ ልበል። ከሦስቱ ለድሮው በጣም የሚቀርበው እሱ ነው። 773 ሲሲ ነው፤ በአየር ይቀዘቅዛል። በሞተሩ ቀኝ በኩል የቆመች ቀጥ ያለች ቱቦ አለች። ውስጧ ሻፍትና ጥርስ አለ፣ ከላይ ያለውን፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካም የምታዞረው እሷ ናት። ሌሎቹ ይሄን በሰንሰለት ነው የሚሠሩት። ድምፁም ይለያል። ኢንተርሴፕተርና ስፒድ ትዊን ክራንካቸው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) 270 ዲግሪ ስለሆነ ድምፃቸው ያልተስተካከለ ደፍ ደፍ ነው። የደብሊው 360 ነው፣ እንደ ድሮዎቹ እንግሊዞች። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ጎን ለጎን አቁመሽ ስሚያቸው። ልዩነቱን ጆሮሽ ይነግርሻል።

እጀ ዘይት
ሌላ ነገር ልጨምር፣ ረስቼው ነው። ራጂ ያለው ጎማ ደስ ይላል፤ ግን በኢንተርሴፕተሩም በደብሊውም ባለ ራጂው ውስጡ ካላማዳሪ አለው። ሚስማር ከወጋው አየሩ ባንዴ ሊወጣ ይችላል። መንገድ ላይ ለመጠገንም ጎማው መፈታት አለበት። ስፒድ ትዊን 900 ራጂ የለውም። ቸርኬው ድፍን ስለሆነ ካላማዳሪ አይፈልግም። በመሰኪያ ደፍነሽ፣ ነፍተሽ ትሄጃለሽ። ኢንተርሴፕተርም ኋላ ላይ ባለ ድፍን ቸርኬ ወጥቷል። ሩቅ እሄዳለሁ፣ ሰውም እጭናለሁ ስላልሽ ነው።

ማለዳ
ወይኔ፣ እኔን የማረከኝ እኮ ራጂው ነበር! እንግዲህ ሄጄ ሦስቱንም ልቀመጥባቸው። ከኋላ የምጭናትንም ይዣት እሄዳለሁ፣ መቀመጫውን እሷ ትፍረድ።

ሁለት ጎማ
ኢንተርሴፕተር!

ጋሼ ሻፍት
ቪ7ም ላይ ተቀመጪ ልጄ። መቀመጥ ምንም አያስከፍልም።

ፍሬን ያዥ
ማለዳ፣ ሦስት ሳምንት አለፈ። ምን ወሰድሽ?

ቀስ በል
እጀ ዘይት፣ የኤስአር 400 ሶኬትስ ያው አንድ ዓይነት ግሪስ ነው የሚቀባው?

እጀ ዘይት
አዎ፣ ያው ነው። መጀመሪያ ግን በደንብ ይድረቅ።