ለጂ+4 ሕንፃ የፓምፕና የጀነሬተር መቆጣጠሪያ፦ ፒኤልሲ ወይስ ኢኤስፒ32?

አራዳ_ቴክ፦
ሰላም ለቤቱ። ጎንደር አራዳ ላይ ላለ ጂ+4 የእንግዳ ማረፊያ ኮንትሮለር እየመረጥን ነው። ከምድር በታች 20 ሜትር ኩብ ታንከር፣ ጣሪያ ላይ ባለ 5,000 ሊትር ሁለት ሮቶ፣ 3 ኪሎዋት ባለ ሦስት ፌዝ ፓምፕ አለ። የ30 ኬቪኤ ጀነሬተሩ ፓነል አርኤስ485 የሚባል የመረጃ መውጫ አለው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራትም ይቆራረጣል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆነው የውሃውን መጠንና መብራት መኖሩን በስልካቸው ማየት፣ ፓምፑንም ማስነሳት ይፈልጋሉ። ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ቦርድ) ከሪሌይ ቦርድ ጋር ይበቃል ወይስ ፒኤልሲ (ለማሽን መቆጣጠሪያ የተሠራ ኮንትሮለር) እንግዛ? ትንሿ ኮምፒውተር ራስቤሪ ፓይስ?

ፓነል_ቤት፦
ከምርጫው በፊት አንድ ነገር ይለይ፤ ፓምፑን ከመቃጠል የሚያድነው ኮንትሮለሩ መሆን የለበትም። የፌዝ መጥፋትን የሚያይ ሪሌይ፣ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚቆርጥ) እና የታችኛው ታንከር ፍሎት (ውሃው ሲያልቅ የሚቆርጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ)፣ ሦስቱም ከኮንታክተሩ (ሞተሩን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ማብሪያ) ኮይል ጋር በተከታታይ በሽቦ ይታሰሩ። አንድ ፌዝ ሲጎድል ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ ከመጠን በላይ እየሳበ ይቃጠላል፤ ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም። እንዲህ ከታሰረ ፕሮግራሙ ቢንጠለጠል ወይም ባለቤቱ ከስልክ ቢያዝዙ እንኳ ፓምፑ ባዶ ታንከር ላይ አይነሳም።

ኦቨርሎዱን በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር አስተካክሉት፤ ለ3 ኪሎዋት 6.5 አካባቢ ነው። ኮንታክተር 9 አምፔር ቢበቃም 12 ይሻላል። መደበኛው አቅም የሚሰላው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፣ ጎንደር ደግሞ ከዚያ ትበልጣለች።

ለዚህ መጠን የእኔ ምርጫ ትንሹ ፒኤልሲ ሲመንስ ሎጎ 8፣ ባለ 12/24 ቮልቱ ነው። 8 መግቢያና 4 የሪሌይ መውጫ አለው፤ ከመግቢያዎቹ አራቱ ከ0–10 ቮልት ያነባሉ። ባለ 230 ቮልቱን እንዳትገዙ፦ አናሎግ (እንደ ውሃ ከፍታ ያለ ከፍ ዝቅ የሚል መጠን) አያነብም፣ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። የሎጎ ሪሌይ ለኮይል 3 አምፔር ብቻ ነው የሚችለው፤ ኮንታክተሩን ያዘዋል እንጂ ሞተሩን በቀጥታ አይሸከምም።

አንድ እንቅፋት አለ። የጀነሬተሩ አርኤስ485 ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሞድባስ አርቲዩ (በሽቦ መስመር የሚሄድ የመሣሪያዎች መግባቢያ) ነው፤ ሎጎ የሚያውቀው በኔትወርክ ኬብል የሚሄደውን ሞድባስ ቲሲፒን ነው፣ እሱንም የቆዩት ስሪቶች የላቸውም። መሃል ላይ መቀየሪያ ጌትዌይ ያስፈልጋል። «ጀነሬተሩ ተነስቷል፣ አልተነሳም» ብቻ ከበቃችሁ ግን ከፓነሉ አንድ ደረቅ ኮንታክት (የራሱ ቮልቴጅ የሌለው ማብሪያ) መሳብ ይቀላል።

ማራኪ_ሰርኪት፦
በጥበቃው እስማማለሁ፤ ኢኤስፒ32ን ግን አንጣለው። ለማየት ብቻ ከሆነ ርካሽና በቂ ነው። ፓምፕ ሲያዝ ነው ጣጣው፦ ኮንታክተሩ ሲለቅ የሚፈጥረው ረብሻ ቦርዱን ሪሴት ያደርገዋል። በኮይሉ ጫፎች ላይ የ100 ኦም ሬዚስተርና የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ካልታሰረ (ካፓሲተሩ ለ220 ቮልት ኤሲ የተሠራ ይሁን) ምክንያቱን ፍለጋ ቀናት ይሄዳሉ። ዋይፋይ ሲበራ የኢኤስፒ32 ኤዲሲ2 (ሁለተኛው የአናሎግ ንባብ ክፍል) ፒኖች አያነቡም፤ ሴንሰሩን ከ32 እስከ 39 ባሉት ላይ እሰሩ።

ራስቤሪ ፓይ በሜሞሪ ካርድ የሚሠራ ከሆነ ይቅር። መብራት ደጋግሞ ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚበላሸው ካርዱ ነው።

አራዳ_ቴክ፦
እግዜር ይስጥልን፣ ወደ ሎጎው አዘነበልን። የሮቶውን ከፍታ ከ4–20 ሚሊአምፔር በሚሰጥ ጠላቂ ሴንሰር ብናነብና ሁሉንም በ12 ቮልት ባትሪ ብናስነሳስ? ከስልክስ በምን በኩል ይገባል?

ፓነል_ቤት፦
በ12 ቮልት አይሆንም። ሎጎ ቮልት ስለሚያነብ የሴንሰሩ ሚሊአምፔር በ500 ኦም ሬዚስተር ወደ ቮልት ይቀየራል፤ 20 ሚሊአምፔር በዚያ ሲያልፍ 10 ቮልት ይወስዳል፤ ለሴንሰሩ የሚተርፈው 2 ቮልት ነው። ሮቶው እየሞላ ሲሄድ ንባቡ መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሰው ግን ሴንሰሩን ይወቅሳል። ሁለት ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በተከታታይ አድርጋችሁ በ24 ሥሩ። ከራውተሩ ጋር 10 ዋት ቢወስድ፣ ባትሪውን እስከ ግማሽ ብቻ ብትጠቀሙ 8 ሰዓት ያቆያል። ለራውተሩ ከ24 ወደ 12 መቀነሻ ጨምሩ። ሴንሰሩ 0–5 ሜትር ከሚሆን 0–3 ሜትር ቢሆን ለሮቶ የተሻለ ያነባል፤ በኬብሉ ውስጥ ያለው የአየር ቱቦ ጫፍ ውሃ እንዳይገባው። የክረምት መብረቅ ስላለ ከጣሪያ የሚወርደው ኬብል ሽፋን ያለው ይሁን፣ ሽፋኑ በፓነሉ በኩል ብቻ ኤርዝ ይደረግ፣ መግቢያው ላይም ሰርጅ መከላከያ ይግባ።

በሲም ዳታ የሚገኘው አይፒ ብዙውን ጊዜ የጋራ ስለሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት አይቻልም። ዋየርጋርድ (የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ቪፒኤን) ያለው ራውተር ግዙና እሱ ራሱ ወደ ውጭ ይገናኝ፤ የሎጎን ገጽ በዚያ በኩል ታዩታላችሁ። ራውተሩ ላይ ፖርት (ለውጭ ክፍት መግቢያ) በመክፈት አትሞክሩት፣ የይለፍ ቃሉንም ቀይሩ።

ሰዓት ስትሞሉ ደግሞ ባለቤቱ «ማታ 12» ካሉ 18:00 ነው የሚጻፈው። 12:00 ብሎ የሚሞላ ኤሌክትሪሺያን አይጠፋም።