«ካሃኒ ማት ሱናኦ» ስድብ ነው ወይስ ጨዋታ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። ሻርጃ መጋዘን ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሱፐርቫይዘራችን ፓኪስታናዊ፣ የፔሻዋር ከተማ ሰው ነው፣ ከኔ ጋር በእንግሊዝኛ ከሌሎቹ ጋር በኡርዱ ነው የሚያወራው። ትናንት ቆጠራ ላይ ሁለት ካርቶን ጎደለና እንዴት እንደሆነ ላስረዳው ስጀምር እጁን አንስቶ «ካሃኒ ማት ሱናኦ» አለኝ፣ ልጆቹ ሳቁ። ማታ ስልኬ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ኡርዱ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ስቶሪ ስለው አራት ቃል ደረደረልኝ፣ ካሃኒ፣ ቂሳ፣ ዳስታን፣ አፍሳና። ቴል ስለው ሱናና፣ ናሬት ስለው በያን ካርና። «ታሪክ አትንገሪኝ» ነው ያለኝ ወይስ «ተረት አታውሪብኝ» ብሎ ውሸታም እያለኝ ነው? ነገ ስራ እገባለሁ፣ በምን ፊት እንደማየው ልወቅ።

ዘጎንጅ፦
እህቴ፣ ታሪክና ተረት አንድ አይደሉም፣ መጀመሪያ እሱ ይጥራ። በግእዝ ለስቶሪ የሚመጥነው ዜና ነው፣ ዜነወ ማለት ነገረ፣ አወራ ነው። ዛሬ ዜና ሲባል የማታ ሁለት ሰዓቱ ብቻ ነው የሚመጣብን እንጂ ዜና መዋዕል ያሉት አባቶች የዘመን ታሪክ ማለታቸው ነው። ታሪክ ራሱ ከዐረብኛ የገባ ነው።

የደሴ ልጅ፦
ትክክል፣ ኡርዱዎቹም ከዚያው ነው የወሰዱት፣ ግን እነሱ ጋ ታሪኽ ቀን ማለትም ነው። ጅዳ አብሮኝ የሚኖር ልጅ አንድ ፓኪስታናዊ ሹፌር «ኢቃማ ኪ ታሪኽ?» ቢለው ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ማለት ነው፣ እንዴት እንዳገኘ ከደላላው ጀምሮ ይተርክለት ገባ፣ ሰውየው የፈለገው የሚያልቅበትን ቀን ነበር። ወደ ቂሳ ስንመጣ ደግሞ ይሄ ድንቅ ቃል ነው። በዐረብኛ ቀሰ ማለት ዱካ ተከተለ ነው። ቁርኣን ውስጥ 28ኛው ሱራ አልቀሰስ ይባላል፣ እዚያው 11ኛው አያ ላይ የሙሳ እናት ለእህቱ «ቁሲሂ» ትላታለች፣ ዱካውን ተከተዪ ማለት ነው። ታሪክ የሚነግርሽ ሰው ዱካ እየተከተለ ነው። ሱፐርቫይዘርሽ ከፔሻዋር ከሆነ ቂሳ ኽዋኒ ባዛርን ጠይቂው፣ የተራኪዎች ገበያ ማለት ነው፣ የድሮ ነጋዴ ሲራራ ሲያድር ቂሳ የሚሰማበት።

ቆቄ፦
ቆይ፣ ያው ቀሰ ቆረጠ ማለትም አይደል? የኛ መቀስ ከዚያ ነው የመጣው! ቀሲስስ? እሳቸውም ቂሳ ነጋሪ ናቸው ማለት ነው?

ዘጎንጅ፦
መቀሱን እቀበላለሁ። ቀሲስን ግን አትንካ። ቀሲስ ከሱርስት፣ ከሶርያ ክርስቲያኖች የጥንት ቋንቋ የመጣ ነው፣ ሽማግሌ ማለት ነው፣ በእሳቱ ሰ ይጻፋል። የዐረቡ ቂሳ የያዘው ፊደል ከኛ ጸሎቱ ጸ ጋር ነው የሚዛመደው። ፊደል ሳይለዩ ስር መፈለግ ጉድጓድ ሳይምሱ ውሃ መጠበቅ ነው።

የሀይፋዋ፦
እኔ እንግሊዝኛው ቴል ላይ ነው የቆምኩት። ድሮ መቁጠር ማለት ነበር፣ ባንክ ቤት ብር የሚቆጥረውን ቴለር የሚሉት ለዚህ ነው። በዕብራይስጥም ሳፋር ቆጠረ፣ ሲፔር ተረከ፣ አንድ ስር ነው። የኛ ሰፈረስ የዚሁ ዘመድ አይደለም? እህታችን የተጣላችው በቆጠራ መሆኑ ራሱ ገርሞኛል።

ዘጎንጅ፦
ሰፈረ በቁና ነው፣ እህል ነው። መቁጠር በግእዝ ኈለቈ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ተባለ እንጂ ኦሪት ዘስፍር አልተባለም።

የሀይፋዋ፦
«ስፍር ቁጥር የለውም» የምንለውስ? አብረው አይደለም የሚሄዱት?

ዘጎንጅ፦
የተለያዩ ስለሆኑ ነው አብረው የሚጠሩት። አንድ ቢሆኑ አንዱ ይበቃ ነበር።

ቆቄ፦
«ወግ ማዕረግ»ም እንደዚያ ነው? ወግ ማውራት እያልን ወግ ደግሞ ስርዓት ነው እኮ።

ዱባይ አስር ዓመት፦
ልጅቷን ረሳችኋት እኮ። እህቴ ስሚኝ፣ ሱንና መስማት ነው፣ ሱናና ማሰማት፣ ልክ እንደኛ ሰማ አሰማ። ማት አትበይ፣ አታድርጊ የሚለው ነው። ስለዚህ ያለሽ «ተረት አታሰሚኝ» ነው፣ እኛም ሰው ሰበብ ሲያበዛብን የምንለው። ካሃኒ ብቻውን ውሸት አይደለም፣ ልጅ ሲያስተኙ የሚነግሩትም ካሃኒ ነው፣ ክብደቱ የሚመጣው ከአባባሉ ነው። ሱናኦ ደግሞ በቱም ነው፣ አንቺ እንደማለት። ቢያከብርሽ በኣፕ ሱናዪዬ ይል ነበር፣ ግን በስራ ቦታ ለባልደረባ ቱም ማለት ነውር የለውም። ዳስታን ብሎሽ ቢሆን ሌላ ነው፣ እሱ ሌሊቱን ሙሉ የማያልቅ የጀግናና የጂኒ ትረካ ነው፣ ዴልሂና ላክናው ዳስታንጎ የሚባሉ ሙያተኞች ነበሩት፣ የመጨረሻው ታላቅ ዳስታንጎ ሚር ባቃር አሊ በ1928 እ.ኤ.አ. ነው የሞቱት። አፍሳና ዛሬ ደራሲ የሚጽፈው አጭር ልቦለድ ነው፣ ረጅሙን ከእንግሊዝኛ ወስደው ናቪል ይሉታል። አሁን አንቺ ንገሪኝ፣ ሲልሽ ፊቱ እንዴት ነበር?

የደሴ ልጅ፦
ወንድሜ ጥሩ ብለሃል ግን በያንን ዘለልከው። በያን ግልጽ ማድረግ ነው፣ ከዐረብኛ። በፍርድ ቤት የሚሰጥ ቃልም በያን ይባላል። በያን ብታቀርቢ አይቆጣም ነበር።

ዘጎንጅ፦
ግልጽ ማድረግማ ተርጐመ ነው። ኡርዱውም ታርጁማ ይላል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፊቱን አላየሁትም፣ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት ካርቶኖቹ ሌላ ፓሌት ስር ተገኙ፣ ቁጥራቸውን እኔው ነኝ ያነበብኩለት። ሻይ በወረቀት ኩባያ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ቂሳ ኻተም» ብሎ ሄደ። ይሄስ ይቅርታ ነው?

ዘጎንጅ፦
ኻተም የኛው ኀተመ ነው፣ በብዙኃኑ ኀ። ማኅተም ከዚያ ነው።

የደሴ ልጅ፦
በዐረብኛ ጨረሰ ማለትም ነው። ቁርኣን ኸተምኩ ስንል ቀርቼ ጨረስኩ ማለታችን ነው።

ዘጎንጅ፦
በግእዝ ግን የታተመ አለቀ ማለት አይደለም፣ ያልተከፈተ ማለት ነው። ያለቀማ ተፈጸመ ነው የሚባለው። ልዩነቱን ነገ በሰፊው እጽፋለሁ።