ኖች (ስንጥቁ እንዲጀምርበት ሆን ተብሎ የተቆረጠ ቦታ) ያለው የኮንክሪት ቢም ከፍተኛው ጭነት ላይ ድንገት ለሁለት ይከፈላል፤ የስብራት ኢነርጂውን (አንድ ካሬ ሜትር ስንጥቅ ለመክፈት የሚያስፈልገውን ኢነርጂ) እንዴት ልለካ?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሞቹ 100 × 100 × 840 ሚ.ሜ. ናቸው፤ በድጋፎቹ መካከል 800 ሚ.ሜ. አለ፤ መሃል ላይ 50 ሚ.ሜ. ጥልቀት ያለው ኖች በአልማዝ መጋዝ ተቆርጧል። ትልቁ ጠጠር 16 ሚ.ሜ.፣ የ28 ቀን አማካይ የመጨመቅ ጥንካሬ 38 ሜ.ፓ. (ሜጋፓስካል)። ማሽኑ 300 ኪ.ኒ. (ኪሎኒውተን) ሲሆን የሚነዳው በፒስተን እንቅስቃሴ ነው። ከስድስት ቢሞች አራቱ ድንገት ተሰበሩ፤ የጭነትና የመውረድ ከርቩ ከከፍተኛው ጭነት በኋላ ቁልቁል የሚወርደው ክፍል (ጅራቱ) አልተመዘገበም። የቀሩት ሁለቱ 62 እና 118 ኒ/ሜ (ኒውተን በሜትር) የስብራት ኢነርጂ ሰጡ። የትኛውን ልያዝ?

መልስ 1
ሁለቱንም አትያዝ። መጀመሪያ ጭነቱን አስላው። ከኖቹ በላይ የቀረው 50 ሚ.ሜ. ነው፤ የመታጠፍ ጥንካሬውን 4 ሜ.ፓ. ብንወስድ 167 ኒ.ሜ. ሞመንት፣ ማለትም 830 ኒ. ገደማ ይሆናል። የቢሙ ክብደት ብቻውን 94 ኒ. ያህሉን ስለሚሸፍን ማሽኑ የሚያየው 740 ኒ. ገደማ ነው። ይህ ከ300 ኪ.ኒ. ሩብ በመቶ እንኳ አይሞላም። 5 ወይም 10 ኪ.ኒ. ሎድ ሴል (ጭነት የሚለካ መሣሪያ) ግጠምበት።

ድንገተኛው ስብራት የመጣው ከአነዳዱ ነው። ጭነቱ ሲወጣ የማሽኑ ፍሬም እንደ ስፕሪንግ ኢነርጂ ያከማቻል፤ ቢሙ መድከም ሲጀምር ያ ሁሉ በአንዴ ይለቀቅና ስንጥቁን ይገፋዋል። መፍትሔው የኖቹን አፍ መከፈት መቆጣጠሪያ ማድረግ ነው፦ በኖቹ አፍ ግራና ቀኝ ስስ የብረት ምላስ ለጥፍ፣ ክሊፕ ጌጅ (የአፉን መከፈት የሚለካ መሣሪያ) ስቀልበት፣ ሰርቮው (የማሽኑ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ) በእሱ ንባብ ይነዳ። በደቂቃ 0.05 ሚ.ሜ. ጥሩ መነሻ ነው። ከፍተኛው ጭነት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ውስጥ እንዲደርስ አስተካክለው፤ ጅራቱ ላይ ማፍጠን ትችላለህ።

መልስ 2
ላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን 62 እና 118ን ያራራቃቸው ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል።

የራስ ክብደቱን ደምረሃል? በድጋፎቹ መካከል ያለው 19.2 ኪ.ግ. ነው፣ 188 ኒ. ማለት ነው። ቢሙ ሲለያይ የመሃሉ መውረድ 0.6 ሚ.ሜ. ከሆነ 188 × 0.0006 ÷ 0.005 ሲሰላ 22.6 ኒ/ሜ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የክብደቱን ግማሽ ብቻ ያስገባል፤ ስህተት ነው። ግማሹ በከርቩ ሥር ያለውን አራት ማዕዘን ይሸፍናል፤ ቢሙ ከወደቀ በኋላ ሳይለካ የሚቀረው ጅራት ደግሞ በግምት ያንኑ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሙሉው ይገባል። ከማሽኑ ጋር ሳይያያዝ ቢሙ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም የብረት ዕቃ እጥፍ ይቆጠራል።

መውረዱን ከፒስተኑ ካነበብከው ሮለሮቹ (ቢሙ የሚያርፍባቸው ክብ ብረቶች) ሥር የሚደቀው ኮንክሪት ሁሉ የስብራት ሥራ ሆኖ ይደመራል። 118ቱን የምጠረጥረው በዚህ ነው። ከድጋፎቹ በላይ በቢሙ ግማሽ ቁመት ላይ የሚያርፍ ዘንግ አስረህ ኤልቪዲቲውን (መውረዱን የሚለካውን ሴንሰር) እሱ ላይ ስቀለው። አንዱ ሮለር በነፃ መሽከርከሩን በእጅህ አረጋግጥ፤ ከተያዘ ሰበቃው ጭነቱን ከፍ ያደርገዋል። ቢሞቹንም እስከ ሙከራው ሰዓት በእርጥብ ጆንያ ሸፍናቸው፤ ገጹ ከደረቀ ኖቹ ጫፍ ላይ ገና ሳይጫን ውጥረት ይፈጠራል።

ጠያቂ
በጣም አመሰግናለሁ። ግማሹን ነበር ያስገባሁት፤ መውረዱንም ከፒስተኑ ነው የወሰድኩት። አንድ ልጨምር፦ የ1990ው ሞዴል ኮድ (የኮንክሪት ዲዛይን መመሪያ) ለ38 ሜ.ፓ. 76 ኒ/ሜ፣ የ2010ሩ ግን 140 ይሰጠኛል። ውጤቴን ከየትኛው ላስተያይ?

መልስ 1
ስሌትህ ልክ ነው። የ1990ው የጠጠሩን መጠን ያስገባል፤ የ2010ሩ 73ን በጥንካሬው 0.18 ኃይል ብቻ ያበዛል። ሁለቱም ግምት ስለሆኑ ለሙከራህ ዳኛ አታድርጋቸው።

ይልቅ ቁጥሩን የት እንደምታስገባው አስብ። በተመራማሪው ባዛንት የመጠን ውጤት ዘዴ (የተለያየ መጠን ያላቸውን ቢሞች ከፍተኛ ጭነት በማነጻጸር) የሚገኘው የመጀመሪያው የስብራት ኢነርጂ ከጠቅላላው በ2.5 ጊዜ ገደማ ያንሳል፣ ምክንያቱም የሚይዘው የከርቩን የመጀመሪያ ቁልቁለት ብቻ ነው። ጠቅላላውን ወስደህ ስንጥቁ ሲከፈት ውጥረቱ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ይቀንሳል በሚል ሞዴል ብታስገባ ከፍተኛው ጭነት ተጋንኖ ይወጣል። ሁለት መስመር ያለውን ከርቭ ተጠቀም።