«አት ኦል» ማለት «ጭራሽ» ከሆነ የኔ ዓረፍተ ነገር ምን አጠፋ?

የኮዬዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታግሣችሁ አንብቡልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የምሠራው ልብስ ፋብሪካ፣ ጥራት ቁጥጥር ላይ። ማታ ሰርቪስ ከመምጣቱ በፊት የቀኑን ሪፖርት በእንግሊዝኛ እንልካለን። አለቃችን የውጭ ሰው ስለሆነ አማርኛ አይሰማም።

ባለፈው ሳምንት ቁልፍ የሚሰፋው ማሽን ጭራሽ ተበላሸ። እኔም «ዘ ማሽን ኢዝ አት ኦል ብሮክን» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መልስ መጣ፤ «ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም?» ይላል። ሰርቪስ ላይ ሆኜ ኔትወርክ ስለጠፋ መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ። ቴክኒሻን የተላከው በነጋታው ከሰዓት ነው። እስከዚያ 6 ልጆች ሥራ ፈትተው ቁጭ አሉ፣ የቀን ኮታቸውም ጎደለ። በኔ አንድ ዓረፍተ ነገር! ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

ማታ መዝገበ ቃላት ገልጬ አየሁ። «አት ኦል» ማለት «ፈጽሞ፣ ጭራሽ» ይላል። እኔስ ጭራሽ ተበላሽቷል አይደል ያልኩት? ምኑ ነው የጠፋው? ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፣ እነ «ባይ ፋር»፣ «ኢንዲድ»፣ «ኦን ኧርዝ» የሚባሉት ማጠናከሪያዎች ዓረፍተ ነገር ውስጥ የት እንደሚገቡ ሁሌ ያምታታኛል። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ቲቸር ዘ ቱሉ ዲምቱ፦

እህቴ፣ ጎረቤት ነን። ሃይስኩል እንግሊዝኛ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ያንቺን ዓረፍተ ነገር ደግሞ በየዓመቱ ተማሪዎቼ ደብተር ላይ አይቼዋለሁ። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸሽም። ግን ግማሹን ነው የነገረሽ።

ነገሩን በአማርኛ እንየው። «ምንም አልበላሁም» ትያለሽ። «ምንም በላሁ» ግን አትይም። ለምን? «ምንም» የሚሄደው ከ«አል…ም» ጋር ስለሆነ ነው። ማንም አላስተማረሽም፣ ጆሮሽ ያውቀዋል። «አት ኦል» ልክ እንደዚያ ነው። አጠገቡ «ኖት» ወይ «ኖ» ወይ «ኔቨር» ይፈልጋል። «ዘ ማሽን ዳዝ ኖት ወርክ አት ኦል» ብትይ ኖሮ ቴክኒሻኑ ያኔውኑ ይመጣ ነበር።

ችግሩ ያለው አማርኛው «ፈጽሞ» እና «ጭራሽ» ላይ ነው። እነሱ በሁለቱም በኩል ይሠራሉ። «ፈጽሞ አላውቀውም» ትያለሽ፣ «ፈጽሞ ረሳሁት»ም ትያለሽ። ሁለቱም ልክ ነው። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ጋ ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። ለአሉታው «አት ኦል»፣ ለአዎንታው «ኮምፕሊትሊ» ወይም «ቶታሊ»። ስለዚህ ያንቺ ማሽን «ኮምፕሊትሊ ብሮክን» ነው። አለቃሽ «አት ኦል» የሚለውን ሲያይ «ኖት» የምትለዋን ፈለገ፣ አጣት፣ ግራ ገባው።

ጥያቄ እና «ኢፍ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ላይም ይገባል። «ዱ ዩ ስፒክ አምሃሪክ አት ኦል?» ማለት ትንሽም ቢሆን ትችላለህ ወይ ነው። ቦታው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ነው። እኛ ግሳችን መጨረሻ ስለሚመጣ ማጠናከሪያውን ከግሱ በፊት እናደርጋለን። «ጭራሽ አይሠራም» እንላለን እንጂ «አይሠራም ጭራሽ» የምንለው ስንናደድ ነው። ለእነሱ ግን መጨረሻው የተለመደ ቦታው ነው።

«በጣም እወዳለሁ»ም እንዲሁ ያስታል። ስንቱ ነው «አይ ቬሪ ላይክ ኮፊ» የሚለው! «አይ ላይክ ኮፊ ቬሪ መች» ነው መባል ያለበት። «አይ ላይክ ቬሪ መች ኮፊ»ም አይሆንም፣ ግሱንና የሚወደደውን ነገር መሀል ገብቶ አይለያይም።

አንድ ነገር ልጨምር። በድሮው እንግሊዝኛ፣ ብዙ መቶ ዓመት ወደኋላ ብትሄጂ፣ «አት ኦል» በአዎንታም «ሙሉ በሙሉ» ለማለት ይውል ነበር። ቆይቶ ነው ወደ አሉታ እና ወደ ጥያቄ የጠበበው። ስለዚህ አንቺ ያሰብሽው ትርጉም ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ሪሴፕሽን ላይ ያለሁ፦

ቲቸር በጣም አመሰግናለሁ፣ እኔም ተምሬበታለሁ። ግን አንድ ነገር አለኝ። እኛ ሆቴል የሚያርፉ እንግዶች «ካም ኤኒታይም አት ኦል» ሲሉ እሰማለሁ። እዚያ ውስጥ «ኖት» የለም እኮ?

ደግሞ ለኮዬዋ እህታችን ስለ «ኦን ኧርዝ» ልንገርሽ፣ እኔን ዋጋ አስከፍሎኛልና። ሥራ እንደጀመርኩ አንድ እንግዳ ሻንጣ ጠፋብኝ ብሎ ወደ ካውንተር መጣ። እኔ በጣም ተጨንቄ፣ ማዘኔን ለማሳየት ብዬ «ዌር ኦን ኧርዝ ዲድ ዩ ሊቭ ኢት?» አልኩት። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። የሰማው «ለመሆኑ የት አባክ ነው የጣልከው» የሚል ቁጣ ነው። ቃሉ ስድብ አይደለም፣ ግን መገረም ወይም ብስጭት አለበት፣ ከጓደኛሽ ጋር እንጂ ከእንግዳ ጋር አይሆንም። ለአለቃሽ በጭራሽ እንዳትጽፊው። ቦታው ግን ቀላል ነው፣ ከጥያቄው ቃል አጠገብ ይለጠፋል፦ «ዋት ኦን ኧርዝ»፣ «ሁ ኦን ኧርዝ»፣ «ዋይ ኦን ኧርዝ»።

«ኖት አት ኦል» ብቻውን ሲመጣም ተጠንቀቂ። ለ«ታንክ ዩ» መልስ ሲሆን «ምንም አይደል» ማለት ነው። አንዱ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» ካለሽ ደግሞ «ኖት አት ኦል» ማለት «ተቀመጥ፣ ምንም አይከፋኝም» ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ «የስ» እያልኩ እፈቅድ መስሎኝ ስንቱን ሰው ቆሞ አስቀርቻለሁ።

ቲቸር ዘ ቱሉ ዲምቱ፦

ልክ ነሽ፣ እኔ ነኝ የዘለልኩት። ከ«ኤኒ» ጋር ሲመጣ «የፈለገው ይሁን» የሚል ትርጉም ስላለው በአዎንታም ይገባል። «ኤኒታይም አት ኦል» በፈለግሽው ሰዓት፣ «ኤኒዋን አት ኦል» ማንም ይሁን ማን። እኛም እኮ «ማንም ይምጣ» እንላለን፣ ያለ «አል…ም»። ስላስታወስሽኝ አመሰግናለሁ።

ስለ «ኦን ኧርዝ» ያልሽው ግሩም ነው። ከኛ «ከቶ» ጋር አስተያዩት። «ከቶ ምን ሆነሽ ነው?» እንላለን። «ከቶ አላየሁትም» እንላለን። «ከቶ ሄድኩ» ግን የሚል ሰው አልሰማሁም። ጥያቄ ወይ አሉታ ካላገኘ አይቆምም። ማለቴ ይሄ ጸባይ በቋንቋችን ውስጥ አለ፣ ባዕድ ነገር አይደለም።

የ«ባይ ፋር» ነገር አጭር ነው፤ «በብዙ የሚበልጥ» ለማለት ስለሆነ ማወዳደር ካለ ብቻ። «ባይ ፋር ዘ ቤስት» ይባላል፣ «ባይ ፋር ጉድ» አይባልም። «ቤተር»ን ለማጠናከር «ፋር ቤተር» በቂ ነው። «ኢንዲድ» ደግሞ «በጣም» የሚለውን ይበልጥ ለማጠንከር «ቬሪ» ካለበት ነገር በኋላ ይመጣል፦ «ቬሪ ጉድ ኢንዲድ»፣ «ታንክ ዩ ቬሪ መች ኢንዲድ»። እንግሊዞቹ ያዘወትሩታል።

ሾፌር ነኝ ከገላን፦

እኔ ደግሞ የምጠይቀው አለ። ብዙ መጋዘን በር ላይ «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ» ብሎ የሚጀምር ማስታወቂያ አያለሁ። ከሱ ቀጥሎ «ዩ ሹድ» መሆን ሲገባው «ሹድ ዩ» ይላል። ጥያቄ ነው እንዴ? የጽሑፍ ስህተት መስሎኝ ለጥበቃው ነግሬው ነበር፣ እሱም አላወቀም።

ቲቸር ዘ ቱሉ ዲምቱ፦

ስህተት አይደለም ወንድሜ፣ በደንብ ነው ያየኸው። የአሉታ ማጠናከሪያ ዓረፍተ ነገሩን ከጀመረ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል። «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ ሹድ ዩ ስሞክ ሂር» ማለት «በምንም ምክንያት እዚህ እንዳታጨስ» ነው። «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን»፣ «ፈጽሞ አይቼ አላውቅም» የሚለውም እንደዚያው። ሐረጉን ወደ መጨረሻ ካወረድከው ግን ቅደም ተከተሉ ወደ ተለመደው ይመለሳል። ክብደቱ ስላለው ማስታወቂያና ሕግ ላይ ያምራል፣ በወሬ መሀል ግን ይከብዳል።

ኮዬዋ እህቴ፣ አንቺ ለሪፖርት ይሄን አታስቢው። ለሪፖርት አጭሩ ይሻላል። «ኢዝ ኮምፕሊትሊ ብሮክን»፣ «ዳዝ ኖት ወርክ አት ኦል»፣ በቃ። የሚያነበው ሰው ነው ቴክኒሻን የሚመድበው፣ አንድ ጊዜ አንብቦ ሊገባው ይገባል።

የኮዬዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለካ የ«ምንም» ዘመድ ነው! በዚህ በኩል ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። 9ኛ ክፍል ስንገባ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሆነና ሰዋስው በፎርሙላ ነው የሸመደድነው። በአማርኛ አስተያይቶ ያሳየን አልነበረም።

አሁን ማብራሪያ እየጻፍኩ ነው፣ የ6ቱ ልጆች ኮታ ከደመወዛቸው እንዳይቆረጥ። ጥፋቱ የጽሑፍ ነው እንጂ የነሱ አይደለም። እንዲህ ብዬዋለሁ፦ «ዘ ማሽን ዲድ ኖት ወርክ አት ኦል። ዘ ወርከርስ ሃድ ኖ ፎልት ዋትሶኤቨር። ዜይ ኢቭን ዲድ ኖት ሊቭ ዜር ሲትስ።» ቲቸር፣ ይሄስ እንዴት ነው? ሠራተኞቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም፣ ከወንበራቸው እንኳን አልተነሱም ለማለት ነው።

ቲቸር ዘ ቱሉ ዲምቱ፦

«ዋትሶኤቨር» ቦታው ላይ ነው፣ ከስሙ በኋላ፣ «ኖ» ከፊቱ። ጎበዝ። ሦስተኛው ብቻ ይስተካከል። የኛ «እንኳን» ከቃሉ በኋላ ይመጣል፣ የነሱ «ኢቭን» ግን ከሚያጠናክረው ነገር በፊት ነው የሚገባው፣ «ኖት» ካለ ደግሞ ከ«ኖት» ቀጥሎ። «ዜይ ዲድ ኖት ኢቭን ሊቭ ዜር ሲትስ» በይው።

የኮዬዋ፦

«ዲድ ኖት ኢቭን»። አስተካክያለሁ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ሰርቪስ ከመሳፈሬ በፊት፣ ኔትወርክ ሳይጠፋ እልከዋለሁ።