ድሬ የላክናቸው ሲዲዎች ለምን አልከፍት አሉ?

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረርም ጭምር።

ባለፈው አንዲት እህታችን «የልጄን ክርስትና ቪዲዮ ሲዲ ላይ አድርጌ ለእናቴ ላክሁ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ድሬ ግን አልከፍት አለ፣ ምን ላድርግ» ብላ ጠይቃን ነበር። ብዙዎቻችን «መንገድ ላይ ተጭሮ ይሆናል፣ ሌላ ላኪ» አልናት። እኔም ያልኳት ይህንኑ ነው። አሁን ለቁልቢ መጥቼ ድሬ ነኝ፣ ከዚራ እናቴ ቤት። መልሴ ስህተት እንደነበር እዚህ ገባኝ። ስለዚህ ለእሷም ለሌሎቻችሁም በደንብ ልጻፈው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ። «ሲዲ» የምለው እንደ ልማዳችን ቪዲዮ የምንጽፍበትን ባዶ ዲቪዲ ነው።

በመጣሁ በማግስቱ እናቴ ቡና እያፈላች እኔ ቻርጀር ፍለጋ የቡፌውን መሳቢያ ስከፍት በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። ከካናዳ ባለፉት ዓመታት የላክኋቸው ሲዲዎች ናቸው። ሰባት ናቸው። የልጄ ክርስትና፣ አንደኛ ዓመት ልደቷ፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤት የገባችበት ቀን፣ ሁሉም አሉ። ጭረት የሚባል ነገር የለባቸውም፣ እንደ አዲስ ናቸው። «እማዬ፣ እነዚህን ታያቸዋለሽ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከሰባቱ በደንብ የሠሩላት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በስልክ ግን ሁልጊዜ «ደርሶናል፣ አይተነዋል፣ እሰይ አደገችልን» ነበር የምትለኝ። «ደክመህ ሠርተህ፣ ሰው ለምነህ ልከህ፣ አልሠራም ብልህ ምን ይጠቅምሃል» አለችኝ።

አቦ፣ ይህን ስሰማ ሆዴ ነው የተላወሰው። ጎረቤት ጠርታ፣ ፈንዲሻ አፈንድታ፣ ጥቁር ስክሪን ሲያዩ አምሽተው ሲዲውን መልሳ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን አሰብኩ። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ይህን የምላችሁ፤ ወላጆቻችን «አይተነዋል» ሲሉ አትመኑ። ቪዲዮው ውስጥ ያለ አንድ ነገር ጠይቋቸው። «መጨረሻ ላይ ማን እንደጨፈረ አየሽ?» በሏት። መልሷ ይነግራችኋል።

በዚያው ቀን ላፕቶፔንና ይዤው የመጣሁትን በዩኤስቢ የሚሠራ በርነር (ሲዲ የሚጽፍ ማሽን) አውጥቼ ሰባቱንም አንድ በአንድ መረመርኩ። እናቴ ያላት የቆየ ባለ ሆዱ ቴሌቪዥንና ከሥሩ ዳንቴል የለበሰ የዲቪዲ ማጫወቻ ነው። በደንብ ያልሠሩት አምስቱ ሲዲዎች ችግራቸው አንድ አይነት አይደለም። በየጊዜው የተለያየ ስህተት ሠርቻለሁ።

የክርስትናው ሲዲ ላይ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው፤ ከስልኬ የወሰድኩትን የኤምፒ ፎር ፋይል እንዳለ ጎትቼ ጻፍኩበት። ኮምፒውተር ይህን ይከፍታል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተር ፋይል ማንበብ ያውቃል። የቆየ ማጫወቻ ግን የሚያውቀው የዲቪዲ ቪዲዮን አሠራር ነው፤ ምስሉ ኤምፔግ 2 የሚባል የቪዲዮ አይነት ሆኖ፣ ቪዲዮ ቲኤስ በሚባል ፎልደር ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ቪኦቢ የሚባሉ ፋይሎች ተከፋፍሎ፣ የቱ ከየት እንደሚጀምር ከሚነግሩት ትናንሽ ፋይሎች ጋር መቀመጥ አለበት። ያ ከሌለ «ዲስክ የለም» ይላችኋል። የእህታችን ችግር ይህ ይመስለኛል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

እዚህ ላይ ዊንዶውስ ራሱ ያሳስታል። ባዶ ሲዲ ስታስገቡ «እንደ ፍላሽ ልጠቀምበት ወይስ ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ ነገሩ አለቀ፣ ማጫወቻው አይከፍተውም። ሁለተኛውን ብትመርጡም ደግሞ ፋይሉን እንዳለ ነው የሚጽፈው እንጂ ወደ ዲቪዲ ቪዲዮ አይለውጥላችሁም። ድሮ ዊንዶውስ ቪስታና ዊንዶውስ 7 ላይ ዲቪዲ ሜከር የሚባል አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የለም። ስለዚህ የሚለውጥ ፕሮግራም ለብቻ ያስፈልጋል። እኔ የምጠቀመው ዲቪዲ ስታይለር ነው፣ በነፃ ይገኛል። ቪዲዮውን ይቀበላል፣ ይለውጣል፣ ከፈለጋችሁ ማውጫ ይሠራል፣ ይጽፋል።

የልደቷ ሲዲ አሠራሩ ትክክል ነበር። ያልተዘጋው እሱ ነው። ጽፈን ስንጨርስ ሲዲው መዘጋት አለበት፣ ፋይናላይዝ የሚሉት ማለት ነው። እኔ «ቦታ ስለተረፈ ሌላ እጨምርበታለሁ» ብዬ ክፍት ትቼው ነበር። የጻፈው በርነር ራሱ ስለሚያነበው ምንም አይታወቃችሁም። ሌላ ማሽን ግን የሲዲውን መጨረሻ ስለማያገኝ ይተወዋል። ደስ የሚለው ይህ ይድናል፤ እዚሁ ሳሎን ቁጭ ብዬ ዘጋሁትና ወዲያው ከፈተ።

ሦስተኛው አርደብሊው ነው፣ ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍበት። ውድ ስለሆነ የተሻለ መስሎኝ ነበር። ግን ከተራው ሲዲ ይልቅ ብርሃን የሚመልሰው በጣም ትንሽ ስለሆነ የቆየ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ አያየውም። ለወላጅ የሚላከው ተራው አንድ ጊዜ የሚጻፍበት ይሁን። ባዶው ሲዲ ላይ ከሚጻፉት አይነቶች ማይነስ አር (-R) ወይስ ፕላስ አር (+R) ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ለአሮጌ ማጫወቻ ማይነስ አር ይሻላል። አዲሶቹ ሁለቱንም ይከፍታሉ።

አራተኛው ይከፍታል፣ ግን መጨረሻው አካባቢ ይንቀጠቀጥና ይቆማል። ይህ የቸኮልኩበት ነው። ሲዲ የሚጻፈው ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር ነው። ዳሩ ላይ ሲዲው ይበልጥ ይወዛወዛል፣ የጣት አሻራም የሚያርፈው እዚያ ነው። እኔ ደግሞ በ16 እጥፍ ፍጥነት ጽፌ ከላዩ ላይ ፎቶዋ ያለበት ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ያ ወረቀት ሚዛኑን ያዛባል፣ በሙቀት ደግሞ ሙጫው ይነሳል። አሁን በ4 ወይም በ8 እጥፍ ነው የምጽፈው፣ ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። ወረቀት አልለጥፍም። ለሲዲ በተሠራ ለስላሳ ማርከር እጽፍበታለሁ፣ በእስክሪብቶ ግን አይሆንም፣ ይቧጭረዋል።

አምስተኛው በጣም ያስገረመኝ ነው። ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወደ ላይ ይንከባለላል። እናቴ «ልጅቷ ትናገራለች፣ አናያትም» ያለችው ይህን ነው። ሰሜን አሜሪካ ያለን ሰዎች ፕሮግራሙ ራሱ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን የቴሌቪዥን ምስል አሠራር ይመርጥልናል። አገራችን ያለው ፓል ነው። ኤንቲኤስሲ 480 መስመርና በሰከንድ 30 ገደማ ምስል ነው፣ ፓል ደግሞ 576 መስመርና 25 ምስል። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ሁለቱንም ይቀበላሉ፣ የቆየው ባለ ሆዱ ግን ሁሉም አይቀበልም። ስለዚህ ገና ሥራውን ስትጀምሩ ፓል ምረጡ። ከዚህ ጋር ስለ ሪጅን፣ ማለትም ዲቪዲ በተፈቀደለት የዓለም ክፍል ብቻ እንዲከፍት ስለሚደረግበት ቁልፍ ለጠየቀው ወንድማችን፣ ኢትዮጵያ ሪጅን 5፣ አሜሪካና ካናዳ ሪጅን 1 መሆናቸው እውነት ነው። ያ ግን የሚመለከተው ሱቅ የሚሸጡ ፊልሞችን ነው። እኛ ቤት የምንሠራው ቁልፍ የለበትም፣ በዚህ አትጨነቁ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አምስቱንም እንደ አዲስ ልሥራላት አልኩ። ክፍቱን ብዘጋውም ለጥንቃቄ እሱንም ጨመርኩት። ዋናዎቹ ፋይሎች ሃርድ ዲስኬ ላይ ነበሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በርነሩ ራሱ አስቸገረኝ። ግማሽ ሲደርስ ያቆማል። ሁለት ሲዲ አበላሸሁ። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ፤ በርነሩን የሰካሁት ማውዝና ፍላሽ በሰካሁበት ማከፋፈያ ላይ ነው። ሲዲ መጻፍ ከማንበብ ይበልጥ ኃይል ይፈልጋል፣ የድሮው ዩኤስቢ ደግሞ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ብቻ ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ባለ ሁለት ራስ ገመድ ገዛሁና ሁለቱንም ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። ከዚያ ወዲያ አልቆመም። መብራት ስለሚሄድም የላፕቶፑን ባትሪ መጀመሪያ ሞልቼ ነው የምጀምረው፣ እየጻፈ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ያ ሲዲ አይመለስም።

ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ባዶ ሲዲ ደግሞ ገና ሳይጀምር «ፓወር ካሊብሬሽን ኤረር» እያለ ይተፋው ነበር። በርነሩ ከመጻፉ በፊት ሲዲው ላይ ትንሽ ቦታ ሞክሮ ምን ያህል የጨረር ኃይል እንደሚበቃው ይለካል። ሲዲው ጥራት ከሌለው ወይም ሌንሱ አቧራ ከያዘ መለካት ያቅተዋል። ሌላ አይነት ሲዲ ሞክሩ፣ ያው ከሆነ ሌንሱን አጽዱ። በርነሩ ተበላሸ ብላችሁ ለመጣል አትቸኩሉ።

የእናቴ ማጫወቻም አጽዱኝ ይል ነበር። የመዝሙር ሲዲ ይከፍታል፣ አንዳንድ ዲቪዲ ግን እየፈለገ ይቀራል። ብዙ ሰው «ሲዲ ከከፈተ ማሽኑ ደህና ነው» ይላል። የድምፅ ሲዲና ዲቪዲ የሚነበቡት በተለያየ ጨረር ነው፤ የሲዲው 780 ናኖሜትር፣ የዲቪዲው 650። አንዱ ሲደክም ሌላው ሊሠራ ይችላል፣ አቧራም ይበልጥ የሚያስቸግረው መረጃ የያዙት ነጥቦቹ ይበልጥ ደቃቅ የሆኑበትን ዲቪዲውን ነው። የድሬን አቧራ ታውቁታላችሁ። ገመዱን ነቅዬ፣ ክዳኑን ፈትቼ፣ በጥጥ ላይ ጥቂት አልኮል አድርጌ ሌንሱን ሳልጫነው ጠረግሁት። አየሩም ይገባው ብዬ ዳንቴሉን ከማጫወቻው ላይ አንስቼ ቴሌቪዥኑ ላይ አደረግሁላት። እናቴ ትንሽ አልተዋጠላትም፣ ግን እሺ አለች።

ሌላ የማትረሱት ነገር ሲዲው የሚይዘውን ልክ ማወቅ ነው። ተራው ሲዲ 4.7 ጊጋባይት ይባላል፣ ኮምፒውተሩ 4.37 ብሎ ያሳያችኋል፣ አንድ ነው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ ጥርት ብሎ ይገባል። ሁለት ሰዓትም ይገባል። ሦስትና አራት ሰዓት ሠርግ ግን አንድ ላይ ካጨቃችሁት ፊት አይለይም፣ ለሁለት ክፈሉት። በስልክ የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ የስልክ ቪዲዮ የምስሉ ፍጥነት አንድ ወጥ ስላልሆነ ድምፁ ቀስ በቀስ ከአፍ ይለያል። መጀመሪያ ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ፍጥነቱን ቋሚ ማድረግ ነው መፍትሔው። ስልኩንም አጋድማችሁ ቅረጹ።

«ለምን በፍላሽ አትልክም?» ያላችሁኝ አላችሁ። አዲስ ቴሌቪዥን ላለው ቤት እኔም ፍላሽ ነው የምመክረው። እናቴ ግን ፍላሽ ሰክታ በሪሞት ፋይል መፈለግ አትወድም። ሲዲውን ታውቀዋለች። ታስገባለች፣ ይጀምራል፣ አለቀ። ለዚህ ስል ማውጫ እንኳን አልሠራሁም፣ እንደገባ በራሱ እንዲጀምር አደረግሁት።

ትናንት ማታ አምስቱም አለቁ። ጎረቤቶች መጡ፣ ክርስትናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየነው። እናቴ ቄሱ ልጅቷን ውሃ ውስጥ ሲያስገቡ ሦስት ጊዜ አስመለሰችን። የአያቷን ስም ሲጠሩ የሚሰማበት ቦታ ላይ ደግሞ አራት። ያ ድምፅ ስምንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ሲዲዎቹን አሁን በመስኮቱ በኩል ካለው መሳቢያ አውጥቼ የማያሞቅ ቦታ አስቀምጫለሁ። ቪዲዮው የሚጻፈው ሲዲው ውስጥ ባለ ቀለም ላይ ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዙታል። ዋናውን ፋይል እናንተ ጋ ማስቀመጥም አትርሱ።

እህቴ፣ አንቺ ከመላክሽ በፊት ኮምፒውተር ላይ አትሞክሪው። እዚያ ካለ ከማንም ጎረቤት አሮጌ ማጫወቻ ተውሰሽ፣ እስከ መጨረሻው ደቂቃ አሳልፊው። ላልከፈተው ደግሞ ሌላ እስክትልኪ አትጠብቂ። እኔ እስከ ጥር ሥላሴ ድሬ ነኝ፣ በመሃል ሐረርም ወጣ እላለሁ። ፋይሉን ላኪልኝና እዚሁ ሠርቼ እናትሽ ማጫወቻ ላይ ከፍቼ አይቼ እሄዳለሁ። ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ፣ መጋላ፣ ጀጎልም ቢሆን ወላጅ ያላችሁ ጻፉልኝ። ባዶ ሲዲ ገዝቻለሁ። የወላጆቻችሁ ቴሌቪዥን አሮጌ ይሁን አዲስ ብቻ አብራችሁ ንገሩኝ።