የኩዌሪ ውጤት ላይ የዓምዶችን ስም በፓይተን ማግኘት

ጠያቂ፣ ከድሬዳዋ (ከዚራ)
ጤና ይስጥልኝ። ቀፊራ ገበያ እህል በጅምላ ለሚሸጡት አጎቴ የዱቤ መዝገባቸውን የሚይዝ ፕሮግራም በፓይተንና ኤስኪውላይት በሚባለው የመረጃ ቋት እየሠራሁ ነው። የኩዌሪውን (የመረጃ ጥያቄውን) ውጤት የሚያመጣው ፌችኦል የሚመልስልኝ ረድፎቹን ብቻ ስለሆነ የትኛው ዋጋ የየትኛው ዓምድ እንደሆነ ከዜሮ እየቆጠርኩ እለያለሁ፤ ትናንት ዓምዶቹን የሚመርጠው ትእዛዝ፣ ሰሌክቱ መሃል አንድ ዓምድ ብጨምር ቆጠራው ተዛብቶ የደንበኛው ስልክ ቁጥር በቀሪ ዕዳው ቦታ ታተመ። የዓምዶቹን ስም ከውጤቱ ከራሱ እንዴት ላውጣ?

መልስ፣ ከሐረር (ሸዋ በር)
ኩዌሪውን ኤክሰኪውት ካደረጉ (ካስኬዱ) በኋላ ከርሰሩ፣ ማለትም ኩዌሪውን አስኬዶ ውጤቱን የሚይዘው ነገር፣ «ዲስክሪፕሽን» በሚባለው ንብረቱ ለእያንዳንዱ ዓምድ ሰባት አባላት ያሉት አንድ ታፕል (የማይቀየር ዝርዝር) ይይዛል፤ በዜሮ ቁጥር ላይ ያለው የዓምዱ ስም ነው። ሰባት የሆነው በፔፕ 249 (በፓይተን የመረጃ ቋት አጠቃቀም ደንብ) ስለተደነገገ ሲሆን፣ ኤስኪውላይት የቀሩትን ስድስቱን ባዶ (None) ይተዋቸዋል። ስለዚህ የዓምዱን ዓይነት ከዚያ አይጠብቁ፤ የሠንጠረዡን ዓምዶች ከነዓይነታቸው የሚዘረዝረው «ፕራግማ ቴብል ኢንፎ» የሚባለው የኤስኪውላይት ትእዛዝ ነው። ኢንሰርት (ማስገቢያ) ወይም አፕዴት (ማሻሻያ) ካስኬዱ ግን ዲስክሪፕሽኑ ራሱ ባዶ (None) ስለሚሆን ሳያጣሩ ሉፕ አይጀምሩበት።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ስሞቹ ወጡ። ነገር ግን ስሞቹንና ዋጋዎቹን በዚፕ (ሁለት ዝርዝር ጎን ለጎን በሚያጣምረው) አጣምሬ ዲክሽነሪ (ቁልፍና ዋጋ የያዘ መዝገብ) ሳደርጋቸው የባለዕዳው ስም ይታያል ባልኩበት ቦታ «ማሽላ» የሚል መጣ።

መልስ፣ ከድሬዳዋ (ለገሃሬ)
የደንበኞቹም የእህሉም ሠንጠረዥ «ስም» የሚል ዓምድ ሳይኖራቸው አይቀርም። ዲክሽነሪ በአንድ ቁልፍ የሚይዘው አንድ ዋጋ ብቻ ስለሆነ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል። ሰሌክቱ ላይ ለዓምድ ሌላ ስም በሚሰጠው «አዝ» አንዱን «የደንበኛ_ስም»፣ ሌላውን «የእህል_ስም» ይበሉት። ኤስኪውላይት «አዝ» ላልተደረገለት ዓምድ የሚሰጠው ስም በሁሉም ቨርዥን አንድ ዓይነት እንዲሆን ዋስትና ስለማይሰጥ፣ እኔ ስም ባይደጋገምም እጽፈዋለሁ።
ዲክሽነሪውንም በእጅ ከመገንባት የኮኔክሽኑን (ከመረጃ ቋቱ ጋር ያለውን ግንኙነት) «ሮው ፋክተሪ»፣ ማለትም ረድፎች በምን መልክ እንደሚመለሱ የሚወስነውን ንብረት፣ ወደ «ኤስኪውላይት 3 ሮው» ቢቀይሩት ይሻላል። ያን ጊዜ ዋጋውን በዓምዱ ስም ይጠሩታል፤ የስሞቹን ዝርዝር ደግሞ የረድፉ «ኪስ» (keys) ይሰጥዎታል። ቅያሪው ከርሰሩ ከመፈጠሩ በፊት መሆን አለበት፤ እኔ ይህን ባለማስተዋሌ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

መልስ፣ ከሐረር (ሸዋ በር)
ወደ ጃቫ የሚዞሩ ከሆነም በሪዛልትሴት ሜታዳታ (ስለ ኩዌሪው ውጤት ዓምዶች መረጃ በሚሰጠው) በ«አዝ» የሰጡትን ስም የሚያወጣልዎ «ጌት ኮለም ሌብል» ነው፤ እዚያ ዓምድ የሚቆጠረው ከ1 ጀምሮ ነው።