የፊደል መጠን ስሞች ሠንጠረዥ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦

ሰላም ወገን። ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ የጋራ ሐሳብ እናቅርብ ተባብለን ነበር። ባለፈው ቡና ላይ የተነሣውን ወደ ጽሑፍ ላውርደው። ፊደል ፖይንት በሚባለው ትንሽ የርዝመት መለኪያ ከመለካቱ በፊት በአውሮፓ እያንዳንዱ መጠን የራሱ ስም ነበረው። ዛሬ 8 ፖይንት የምንለውን ጀርመኖች «ፔቲት»፣ እንግሊዞች «ብሬቪየር» ይሉት ነበር። 12ቱን ደግሞ እንግሊዞች «ፓይካ»፣ ጀርመኖችና ፈረንሳዮች «ሲሴሮ» ይሉት ነበር። ከ6 በታች ሲወርድማ ወርቅ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል፤ ሩቢ፣ ሉል፣ አልማዝ። ማኅበራችን ውስጥ ማተሚያ ቤት የኖረም፣ ፎንት የሚሠራም፣ የሚተረጉምም አለ። ይህ የኛ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው፦

«ማኅበሩ የኅትመት ፊደል መጠኖችን ባህላዊ ስሞች በአምስት ቋንቋ የሚያሳይ የግድግዳ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ለእያንዳንዱ መጠን የፊደል ቁመቱን በሚሊሜትር ያስቀምጣል፤ አቻ የአማርኛ ስምም ያወጣል።»

በሉ እንግዲህ፣ ቀይ እስክሪብቶ አንሡ።

ጡረታ የወጡት ፊደል ለቃሚ፦

ልጄ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን «የፊደል ቁመት» የሚለውን ከወዲሁ ሰርዢልኝ።

አንድ የእርሳስ ፊደል በሁለት ጣትሽ ብትይዢ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ነው። ፊደሉ ጫፉ ላይ ተገልብጦ ቆሟል። በአንድ ጎኑ ትንሽ ስርጉድ መስመር አለችው። የለቃሚ ዓይን የእጅ ጽሑፉ ላይ ነው፤ ጣቱ ግን ያቺን ስርጉድ ዳስሶ ፊደሉ በየት በኩል ራሱ፣ በየት በኩል እግሩ እንደሆነ ያውቃል። 12 ፖይንት የሚባለው የዚያ ዘንግ ልክ ነው፤ ከራስጌ ጠርዝ እስከ ግርጌ ጠርዝ። ፊደሉ ያንን ቦታ ይሙላው፣ ግማሹን ባዶ ይተወው፣ የፊደል ቀራጩ ፈንታ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ሁለት የአማርኛ ፎንት ሁለቱንም 12 አድርጋችሁ አንዱ ጎረምሳ፣ ሌላው ገና ጡት ያልጣለ የሚመስለው ለዚህ ነው። እርሳሱ ከቀረ ቆየ፤ ልኩ ግን ዛሬም የሌለውን እርሳስ ይለካል። ሠንጠረዡ ላይ የፊደል ቁመት የሚል ዓምድ ካስገባችሁ እኔ የለሁበትም።

ፎንት ሠሪው፦

ጋሼ ልክ ነዎት። እኛም ፎንት ስንሠራ መጀመሪያ የምንከፍተው ባዶ ሳጥን ነው፤ ፊደሉን እዚያ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። «የፊደል ገላ» ብንለውስ?

ጡረታ የወጡት ፊደል ለቃሚ፦

ገላ ጥሩ ነው። ተስማምቻለሁ።

ከፍራንክፈርት፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ጀርመናዊው ምሁር ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው እኔ በምኖርበት ከተማ ነው። አባ ጎርጎርዮስ አስተምረውት። እናም ነገሩ ሩቅ አይደለም።

የኔ ቅሬታ «አቻ» የምትለው ቃል ላይ ነው። አንድ ረድፍ፣ አንድ መጠን፣ አምስት ስም ብለን ካሰብን ገደል እንገባለን። «ካኖን»ን ውሰዱ። ስሙ የመጣው ከካቶሊኮች የቅዳሴ መጽሐፍ ነው፤ ካህኑ ቆሞ የሚያነበው ክፍል በትልቅ ፊደል ይታተም ስለነበር። ጀርመኖች ካኖን ሲሉ 36 ነው። በፈረንሳዊው ፊደል ሠሪ በፉርኒዬ ሠንጠረዥ ትልቁ ካኖን 44 ነው። እንግሊዞች ጋ ስትሄዱ 48። «ፓራጎን» ጀርመን አገር 18፣ እንግሊዝ አገር 20። ፈረንሳዮች ደግሞ ትንሹ ፓራንጎን 20፣ ትልቁ 22 ብለው ሁለት አድርገውታል። ስሙን አይታችሁ ስትተረጉሙ ልኩ ያመልጣችኋል።

የምወደው ምሳሌ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1467 ሽዋይንሃይምና ፓናርትስ የሚባሉ ሁለት ጀርመናዊ አታሚዎች ጣሊያን ውስጥ ሁለት መጽሐፍ አተሙ። ሱቢያኮ ገዳም የቅዱስ አውግስጢኖስን «የእግዚአብሔር ከተማ»፣ ሮም ደግሞ የጥንቱን ሮማዊ ተናጋሪ የሲሴሮን ደብዳቤዎች። ሁለቱ የፊደል መጠኖች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው ይባላል። ታዲያ ፈረንሳዮች 12ቱን ሲሴሮ፣ 14ቱን ሴንት-ኦጉስተን አሉ። ደቾች 12ቱን ራሱን «አውጉስታይን» አሉት! አንዱ ቤት አረማዊው ተናጋሪ የተቀመጠበት ወንበር ላይ፣ ጎረቤት ቤት ጳጳሱ ተቀምጠዋል።

ጸሐፊዋ፦

ይሄ ራሱ ሠንጠረዡ ጥግ ላይ በሣጥን መግባት አለበት። «አቻ» ወጣች። ረድፉ በገላው ልክ ይሂድ፣ ስሞቹ እዚያ ላይ ይደርደሩ።

ከፍራንክፈርት፦

ልኩም ቢሆን የማን ፖይንት ነው? ፉርኒዬ እ.ኤ.አ. በ1737 የፖይንት ሥርዓት አወጣ። ዲዶ የሚባለው ሌላው ፓሪሳዊ በ1780ዎቹ ፖይንቱን «የንጉሡ ጫማ» ከሚባለው የፈረንሳይ የርዝመት መለኪያ ጋር አሰረው። ስሞቹ ቀርተው ቁጥር ብቻ ይሁን ያለውም እሱ ነው። የዲዶ ፖይንት 0.376 ሚሊሜትር ያህል ነው። ኮምፒውተራችሁ የሚጠቀመው ግን የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ፣ ማለትም 0.353 ነው። በቁጥር ሁለቱም 12 ናቸው፤ የጀርመኑ ሲሴሮ 4.5 ሚሊሜትር ሲሆን ፓይካው 4.2 ላይ ይቀራል።

ሒሳብ ያዥዋ፦

ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ነው? እኔ የያዝኩት የአንድ ትልቅ ፖስተር ዋጋ ነው፣ ሁለት ቀለም። መጽሐፍ አላልኩም።

ፎንት ሠሪው፦

ይገባል፣ አይዞሽ። አሁን ወደ አማርኛው ስም። እኔ ይሄን በጣም ነው የምፈልገው። አውሮፓውያን ስሙን ያገኙት ከሚያትሙት መጽሐፍ ነው። ብሬቪየር የጸሎት መጽሐፍ ነው፣ ካኖን ቅዳሴ። ታዲያ እኛ መጽሐፍ አጣን? የመጀመሪያው በግእዝ የታተመ መጽሐፍ ዳዊት ነው፤ ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1513፣ ዮሐንስ ፖትከን። ስለዚህ 12ቱን «ዳዊት» እንበለው። ትልቁን «ቅዳሴ»፣ ደቃቁን «ክታብ»። ክታብ አንገት ላይ ስለሚታሰር ትንሽ ነው። አሪፍ አይደለም?

ጡረታ የወጡት ፊደል ለቃሚ፦

አሪፍ ነው። ውሸት ግን ነው።

ልጄ፣ አትቆጣ። የነሱ ስሞች ስብሰባ ላይ አልወጡም። ሠራተኛው «ያንን የሲሴሮውን መሳቢያ አቀብለኝ» እያለ ነው ስሙ የቀረው። አንተ የምትለው ከላይ የተሰጠ ስም ነው። የኔ ዘመን ሰው አንድም ቀን «ዳዊት 12» አላለም። ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁት በኋላ ግን ከሃያ ዓመት በፊት እንዲህ ይባል ነበር ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም።

ፎንት ሠሪው፦

ጋሼ፣ ታዲያ የአማርኛው ዓምድ ባዶ ይሁን?

ድጓ የተማረው አባል፦

ባዶ አይሆንም። ማተሚያ ከመምጣቱ በፊት ብራና ጸሐፊዎቻችን ቃል ነበራቸው። ሞላ ደመቅ ብሎ የሚጣለው «ጉልህ» ነው። ቀጠን ደቀቅ ያለው «ረቂቅ»። በፖይንት አትለኩትም፤ ሰው በእጁ የሚያውቀው ልክ ነው። እነዚህን ከሠንጠረዡ ረድፍ ውጭ፣ ለብቻቸው አስቀምጧቸው። ስም መፍጠር አያስፈልግም።

ስለ ሮሙ ኅትመት ከተነሣ አይቀር፣ አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 49 ሐዲስ ኪዳንን እዚያው ሮም ሲያሳትሙ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠይቀዋል። የሚያትሙት ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ማተም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን የሚል ነው ቃሉ። ፎንት የሚሠራ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይገባል።

ፎንት ሠሪው፦

እሺ፣ ተረታሁ። «ክታብ» ግን ለራሴ ፎንት ስም ትሁንልኝ።

ከቻይና ተምሮ የተመለሰው፦

አምስት ቋንቋ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ጨምሩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የቻይንኛ ዎርድ ስከፍት የፊደል መጠኑ ዝርዝር ውስጥ ቁጥር ጠብቄ «ትንሹ አራት»፣ «አምስት ቁጥር» የሚል አገኘሁ። ቁጥሩ ሲያድግ ፊደሉ ያንሳል። አራት ቁጥር 14 ነው፣ ትንሹ አራት 12፣ አምስት ቁጥር 10.5። ነጥብ አምስቱ ከየት መጣ ብዬ ተገርሜ ነበር። ከእርሳሱ ዘመን የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሻንጋይ የሚስዮን ማተሚያ ቤት ይመራ የነበረው ዊልያም ጋምብል የቻይንኛ ፊደል መጠኖችን መልክ አስያዘ። በ1869 ደግሞ ናጋሳኪ ሄዶ ለጃፓኖች አስተማረ።

ጃፓኖቹ ጋ ደግሞ የሚጣፍጠው ነገር አለ። ከከባዱ ቃል በላይ ንባቡን በደቃቅ ፊደል ይጽፋሉ። ለዚያ ይጠቀሙበት የነበረው እርሳስ እንግሊዞች «ሩቢ» ለሚሉት 5.5 ስለሚቀርብ ደቃቁን ጽሑፍ ራሱን ሩቢ አሉት። አሁን ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች የሚጽፉት ኮድ ውስጥም ስሙ ሩቢ ነው።

ድጓ የተማረው አባል፦

ቆይ ቆይ። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል? ይሄማ የኛ የዜማ ምልክት አቀማመጥ ነው! ድጓ ገልጣችሁ እዩ። ዋናው መስመር አለ፤ በላዩ ላይ ድፋት፣ ደረት፣ ቅናትና ሌሎቹ ምልክቶች ከደቃቅ ፊደላት ጋር ይሰፍራሉ። እነሱ ንባብ፣ እኛ ዜማ። አቀማመጡ ግን ያው ነው። ኮምፒውተር ላይ ድጓ ለመልቀም የሞከረ ሰው መከራውን ያውቀዋል፤ ምልክቱ ከፊደሉ አናት ይንሸራተትና ጎረቤቱ ላይ ይወጣል።

ጸሐፊዋ፦

ይሄ ሁለተኛው ሣጥን ይሁን። ምሳሌውን አንድ መስመር ድጓ ጻፍልን፣ እናስገባዋለን።

ከዋሽንግተን፦

አርፍጄ ገባሁ፣ ይቅርታ። ያንን 5.5 አሜሪካኖች ሩቢ አይሉትም፤ «አጌት» ነው የሚሉት። ጋዜጣ ላይ የማስታወቂያ ቁመት ይለካ የነበረውም በአጌት መስመር ነው፤ በአንድ ኢንች 14 መስመር። የስፖርት ውጤት በደቃቁ የሚወጣበትን ገጽ እስከ ዛሬ አጌት የሚሉ አሉ።

ሌላም ልጨምር። የዎርድን የመጠን ዝርዝር ክፈቱ። 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12 ይልና 13ን ዘሎ 14 ይላል። በስም አንብቡት፦ ብሬቪየር፣ ቡርዥዋ፣ ሎንግ ፕራይመር፣ ስሞል ፓይካ፣ ፓይካ፣ ኢንግሊሽ። በፓይካና በኢንግሊሽ መካከል ስም ያለው መጠን አልነበረማ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1886 በፖይንት ተስማምተው ስሙን ቢተዉትም፣ መሰላሉ እንዳለ ቀረ። ሠንጠረዡን የሚያይ ተማሪ በየቀኑ የሚነካው ነገር ስለሆነ ከዚህ ብንጀምር ይሻላል።

በነገራችን ላይ ቡርዥዋን እንግሊዝ አታሚዎች «በርጆይስ» ነው የሚሉት። እንዴት እንጻፈው?

ሞስኮ የተማሩት አባል፦

ያው ጠብ ሲሴሮም ላይ አለ። እኛ ሩሲያ ስንማር ስሞቹ ከጀርመን የመጡ ናቸው፤ ፔቲት፣ ቦርጌስ፣ ኮርፑስ፣ እና «ጺጼሮ»። ጣሊያኑ ቺቼሮ ይላል። ሰውየው ራሱ በሕይወት በነበረበት ዘመን ኪኬሮ ተብሎ ነው የሚጠራው። የቱን ልንጽፍ ነው?

ተርጓሚዋ፦

ሲሴሮ። አንባቢ የሚያውቀው እሱን ነው። አውግስጢኖስም ትርጉሙ ላይ በቤተ ክርስቲያን አጠራሩ ይጻፍ፣ የደቹ መጠን ስም ግን አውጉስታይን ይሁን። ሌላው በየቋንቋው አፍ ይጻፍ፤ በርጆይስም በርጆይስ። ከሥሩ ትርጉሙ ይግባ፦ ኖንፓሬል፣ «አምሳያ የሌለው»፣ 6። ብዙ አገር ተስማምቶ 6 የሚለው እሱን ስለሆነ ስሙ አላፈረም።

ጸሐፊዋ፦

የተስተካከለው ይኸው። ካልተቃወማችሁ በዚሁ ይሄዳል፦

«ማኅበሩ የኅትመት ፊደል መጠኖችን ባህላዊ ስሞች በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በደች፣ በሩሲያኛ፣ በቻይንኛና በጃፓንኛ የሚያሳይ የግድግዳ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ረድፉ በፊደሉ ገላ ልክ ይሄዳል፤ የየትኛው ፖይንት እንደሆነም አጠገቡ ይጻፋል። አዲስ የአማርኛ ስም አይፈጠርም። ጉልህና ረቂቅ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ በማተሚያ ቤት ይነገር የነበረው ከአንጋፋ ፊደል ለቃሚዎች አፍ ተቀድቶ ይሰበሰባል። ሁለት ሣጥን ይኖራል፤ አንዱ ስለ ሲሴሮና አውግስጢኖስ፣ አንዱ ስለ ሩቢና የዜማ ምልክት።»

ጋሼ፣ ቅጂውን ከርስዎ እንጀምር?

ጡረታ የወጡት ፊደል ለቃሚ፦

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። መቅጃውን ይዛችሁ ኑ፤ ሁለት ጓደኞቼንም እጠራለሁ። ረቂቁም ደህና ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ፖስተሩ ራሱ በስንት ነው የሚታተመው? በፔቲት ካተማችሁት ለኔ ዓይን ባዶ ወረቀት ነው።

ሒሳብ ያዥዋ፦

በአንድ ወረቀት እንዲገባ ከሆነ 10 አድርጌ ነበር የገመትኩት።

ጡረታ የወጡት ፊደል ለቃሚ፦

14። እሱም በዲዶ ፖይንት።